የመጅ እጆች፦ የእጅ መደንዘዝና የመድኃኒቱ ታሪክ በአገው ምድር

ሌሊት እጅ ሲደነዝዝ፣ ጣት መርፌ መርፌ ሲል፣ የተኛ ሰው ነቅቶ እጁን ሲያራግፍ እንዲያድር የሚያደርገውን ሕመም ሐኪሞች ካርፓል ተነል ሲንድረም ይሉታል። ስሙ ባዕድ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከኮምፒውተርና ከስልክ ጋር አብሮ ይነሳል። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው የቢሮና የከተማ ሕመም ይመስለዋል። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። በአዊ ብሔረሰብ ዞን፣ ከእንጅባራ ብርዳማ ደጋ እስከ ዳንግላ ሜዳ ባለው አገር፣ የእጅን አንጓ የሚያስጨንቀው ሥራ ከመብራትም ከመኪና መንገድም በፊት የነበረ ነው። ሥራው በአብዛኛው የሴቶች ስለነበረ ደግሞ ሳይጻፍ ቀርቷል። ይህን ታሪክ ማንሳት የሚጠቅመው ያለፈውን ለማወቅ ብቻ አይደለም። በሌላው ዓለም የደነዘዘን እጅ ለማንቃት የክንድን ቆዳ በቅባት የማደንዘዝ ሙከራ ከተጀመረ ሁለት አሥርተ ዓመታት አልፈዋል። እንዲህ ያለው ብልሃት ወደ እኛ ሲመጣ እጁ በምን ሥራ እንደደነዘዘ ሳይጠይቅ ከመጣ፣ ሕመሙን ለጥቂት ጊዜ አባብሎ ሰውየውን ወደዚያው ሥራ የሚመልስ ብቻ ይሆናል።

ነገሩን ለመረዳት ከአንጓው መጀመር ይሻላል። የእጅ አንጓ ውስጥ ጠባብ መተላለፊያ አለ። ከታች ስምንት ትንንሽ አጥንቶች ቅስት ሠርተው ይቀመጣሉ፤ ከላይ ጠንካራ የጅማት ሽፋን ይዘጋዋል። በመካከሉ ጣቶችን የሚያጥፉ ዘጠኝ ጅማቶችና ሚዲያን የሚባለው ነርቭ ተጠጋግተው ያልፋሉ። ይህ ነርቭ ስሜት የሚሰጠው ለአውራ ጣት፣ ለጠቋሚ ጣት፣ ለመሃል ጣትና ለቀለበት ጣት ግማሽ ነው፤ ትንሿ ጣት የሌላ ነርቭ ድርሻ ስለሆነች ከዚህ ሕመም ነጻ ናት። ጅማቶቹ ሲያብጡ ወይም አንጓው ታጥፎ ሲቆይ ጫናው የሚያርፈው ከሁሉም ለስላሳ በሆነው በነርቩ ላይ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ሪቻርድ ጌልበርማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጥናት በመተላለፊያው ውስጥ ቀጭን ቱቦ አስገብተው ግፊቱን ለክተውታል። አንጓው ቀጥ ብሎ ሲያርፍ በጤነኞች የተገኘው በአማካይ 2.5 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲሆን፣ በታማሚዎች 32 ነበር። አንጓው ወደ ኋላ ሲቀለበስ የጤነኞቹ ግፊት ወደ 30፣ የታማሚዎቹ ወደ 110 ወጣ። እንግዲህ አንጓውን ቀልብሶ የሚሠራ ጤነኛ ሰው፣ እጁ በዚያ ሁኔታ ላይ እስካለ ድረስ፣ ታማሚው አርፎ ሳለ የሚሸከመውን ያህል ግፊት በነርቩ ላይ ይሸከማል ማለት ነው።

አሁን ወፍጮ ላይ ያለችውን ሴት እጅ እንመልከት። ወፍጮው በጭቃ መደብ ላይ ወደ ፊት ዘመም ብሎ ተቀምጧል። ሁለቱ እጆች መጁን ከላይ ጨብጠውታል፤ መዳፍ ይጫናል፣ አንጓ ወደ ኋላ ይቀለበሳል፣ የወገብና የትከሻ ጉልበት ሁሉ በዚያ በተቀለበሰ አንጓ አድርጎ ወደ ድንጋዩ ይወርዳል። መጁ ይገፋል፣ ይሳባል፣ እንደገና ይገፋል። እህሉ መጀመሪያ ይሸረከታል፤ ከዚያ ይደቃል፤ በመጨረሻ ይልማል። ጤፍ በደቃቅነቱ፣ ዳጉሳ በቅርፊቱ፣ በቆሎ በጥንካሬው ሁሉም የየራሱን ጉልበት ይጠይቃል። ድንጋዩ በሥራ ብዛት ሲለሰልስ እህሉ ስለሚንሸራተት ወፍጮው እንደገና መወቀር አለበት፤ እስኪወቀር ድረስ ግን ድንጋዩ ያጣውን ሻካራነት የምታሟላው ፈጪዋ በክንዷ ነው። ይህ ሥራ በዓመት አንድ ወቅት ብቻ የሚመጣ አልነበረም። እርሻ ክረምትና በጋ አለው፣ አጨዳም ያልቃል፤ ዱቄት ግን በየቀኑ ይበላል። ሠርግ፣ ተዝካር ወይም ደቦ ሲደርስ ደግሞ የሚፈጨው እህል በእጥፍ ይጨምራል። ፈጪዋ ዶሮ ሳይጮህ የምትነሳው፣ ሲነጋ ውሃ መቅዳቱ፣ እንጨት መልቀሙና ምጣዱ ስለሚጠብቋት ነበር።

የአገው ምድር ጎተራ የራሱን ቤት ብቻ የሚቀልብ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1770 የግሽ ዓባይን ምንጭ ያየው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ ጎንደር ከተማ ከብቷን፣ ቅቤዋን፣ ማሯን፣ ስንዴዋን፣ ቆዳዋንና ሰሟን የምታገኘው ከአገው መሆኑን ጽፏል፤ ሰዎቹ በአንድ ጊዜ ሺህም ሺህ አምስት መቶም እየሆኑ ጭነታቸውን ይዘው ወደ ከተማዋ እንደሚጎርፉም ገልጿል። ይህን ያነበበ ሰው ስለ ንግድና ስለ ግብር ያስባል፤ እኔ ግን ስለ ስንቁ አስባለሁ። ሺህ ሰው ከአገው ምድር ተነስቶ የጣናን ዳር ይዞ ጎንደር ለመድረስ ብዙ ቀን ይጓዛል፤ በሶም ሆነ ዳቦ ደግሞ ከወፍጮ ሳያልፍ ስንቅ አይሆንም። በታሪክ መጻሕፍታችን የዘማች ሠራዊት ብዛት ሲጠቀስም ነገሩ ያው ነው። ዘማቹን ተከትለው የሚሄዱት ሴቶች በሰፈሩበት ሁሉ መጅ ጨብጠው ያደሩ ነበሩ። ከእያንዳንዱ ትልቅ ቁጥር ጀርባ ያልተቆጠረ የእጅ ሥራ አለ።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል። የአዊ ሴቶች እጃቸው ይደነዝዝ እንደነበር የሚገልጽ የጥንት ጽሑፍ ከሌለ ይህ ሁሉ ግምት አይደለም ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ ግን ምን ሲጻፍ ምን እንደሚቀር ማየት ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚያከብረው በዓል፣ በዐድዋና በየጦር ሜዳው ለወደቁት ፈረሶችና ፈረሰኞች መታሰቢያ ነው። ይህ የሚያኮራ ሥራ ነው፤ አንድ ሕዝብ የጉልበቱን ታሪክ ጠብቆ ማቆየት ሲፈልግ እንደሚችልም ያሳያል። ለፈረሱ ልጓም የተደረገው መታሰቢያ ለመጁ አለመደረጉ መጁ ሥራ ስላልነበረ አይደለም። ጽሑፍ ዝም ባለበት ደግሞ አጥንት ይናገራል። በሶርያ አቡ ሁሬይራ በተባለ ጥንታዊ መንደር የተገኙትን አጽሞች ያጠናችው ቲያ ሞልሰን እ.ኤ.አ. በ1994 እንዳሳተመችው፣ በወፍጮ ላይ ተንበርክኮ መዋል በእግር አውራ ጣት፣ በጉልበትና በታችኛው ወገብ አጥንት ላይ ከሺዎች ዓመታት በኋላ የሚነበብ ምልክት ትቷል፤ ምልክቱም በብዛት የታየው በሴቶች አጽም ላይ ነው። ወደ አገራችን ስንመጣ፣ በምሥራቅ ትግራይ ጉሎ መኸዳ አካባቢ የወፍጮ ድንጋዮችን ያጠኑ አርኪዮሎጂስቶች በእጃቸው ይፈጩ የነበሩ እናቶችን ጠይቀው የሥራውን ርዝማኔና ድካም መዝግበዋል። ነርቭ እንደ አጥንት አሻራ ትቶ አይቆይም፤ ይበሰብሳል። ጉልበትንና ወገብን ያጎበጠ ሥራ ግን ከድንጋዩ ጋር በቀጥታ የተገናኘውን አንጓ ምንም ሳያደርገው አለፈ ብሎ ማመን ለእኔ ይከብደኛል።

ሕመሙ እንዳይነገር ያደረገው ሌላ ምክንያትም ያለ ይመስለኛል፤ እሱም ፍርሃት ነው። በጎጃም ምድር እጅ መደንዘዝ ማለት ለረጅም ጊዜ የሥጋ ደዌ ጥላ ያጠላበት ምልክት ነበር። የሥጋ ደዌ ነርቭን ያጠቃል፤ ስሜት ያጠፋል፤ ጣት ያጣምማል። የተጠረጠረ ሰው ከጋብቻም ከማኅበርም ይገለል ነበር። በኢትዮጵያ የእጅ ቀዶ ሕክምና ታሪክ ራሱ ከዚህ በሽታ ጋር የተሳሰረ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1965 አዲስ አበባ ውስጥ የተቋቋመው አለርት፣ በሥጋ ደዌ የተጎዱ እጆችን ጅማት እያዛወረ ጣት እንዲሠራ የሚያደርግ ሕክምና ያስተማረ ተቋም ነው። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1999 በሽታው የሕዝብ ጤና ችግር ከሚባልበት መጠን በታች መውረዱን ብታረጋግጥም፣ አዳዲስ ታማሚዎች ዛሬም በየዓመቱ ይገኛሉ። ጣቷ የደነዘዘባት ሴት ሌሊት እጇን እያራገፈች ለጎረቤቷ ሳትናገር ብታድር የሚያስገርም አልነበረም። ይህን ነጥብ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ፤ ስለ ቅባቱ በምንነጋገርበት ጊዜ ሕይወት የሚያድን ልዩነት የሚፈጥረው እሱ ነውና።

የሚገርመው፣ ሴቶቹን ማየት ያቃተው የእኛ ታሪክ ብቻ አለመሆኑ ነው። እንግሊዛዊው ጄምስ ፓጄት እ.ኤ.አ. በ1854 ከአንጓ ጉዳት በኋላ ሚዲያን ነርቭ እንዴት እንደሚታነቅ ገለጸ። እ.ኤ.አ. በ1880 ቦስተን ላይ ጄምስ ፑትናም እጃቸው ሌሊት የሚደነዝዝባቸውን 37 ሰዎች ጻፈ፤ አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ፤ እጅ ማራገፍ እንደሚያስታግስላቸውም መዘገበ። እ.ኤ.አ. በ1947 የለንደኑ ራስል ብሬይንና ባልደረቦቹ በቀዶ ሕክምና ያዳኗቸው ስድስት ታማሚዎች ሁሉም ሴቶች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ሕመሙን በዓለም ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ጆርጅ ፋለን እ.ኤ.አ. በ1966 የ654 እጆችን የ17 ዓመት ልምድ አቀረበ፤ የእሱም ታማሚዎች በብዛት በመካከለኛ ዕድሜ ያሉ የቤት እመቤቶች ነበሩ። ፋለን ከዚህ ያወጣው መደምደሚያ ሕመሙ በዋናነት ከሥራ የሚመጣ አይደለም የሚል ነበር፤ ምክንያቱም እነዚህ ሴቶች ፋብሪካ አይሠሩም። ልብስ ማጠብ፣ መጭመቅ፣ መወልወልና ማቡካት በዚያ ስሌት ሥራ ሆነው አልተቆጠሩም። በአሜሪካም ሆነ በአዊዋ ባንጃ ወረዳ፣ የቤት ውስጥ ሥራ ደመወዝ ስለሌለው ብቻ ከሕመም መንስኤነት ተሰርዟል።

ለፋለን ወገን የሚቆም ሰው ግን በቀላሉ የማይታለፍ ክርክር አለው። ሕመሙ በእርግዝና ጊዜ፣ በስኳር በሽታ፣ በእንቅርት ዕጢ ችግርና በውፍረት ይበረታል። በዘርም ይወርዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2002 በእንግሊዝ መንትያ ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት የዘሩን ድርሻ እስከ 46 በመቶ ገምቶታል። ታዲያ ወፍጮን ለምን እንከሳለን? እኔ የዘርን ድርሻ አልክድም፤ ጠባብ መተላለፊያ ይዞ የሚወለድ ሰው አለ። ነገር ግን 46 በመቶ ማለት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከሌላ ቦታ ይመጣል ማለት ነው። ባርባራ ሲልቨርስቲንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1987 በ39 የሥራ ዓይነቶች ላይ የተሰማሩ 652 ሠራተኞችን መርምረው፣ ጉልበትም ድግግሞሽም ዝቅተኛ በሆነበት ሥራ ሕመሙ የተገኘው በ0.6 በመቶ ላይ ሲሆን፣ ሁለቱም ከፍተኛ በሆኑበት ሥራ 5.6 በመቶ ላይ አግኝተውታል። ሁለቱ ሁኔታዎች ሲነጻጸሩ ልዩነቱ ከዘጠኝ እጥፍ ይበልጣል። የጉልበትና የድግግሞሽ ጥምረት የሚለው የዚህ ጥናት ሐረግ ደግሞ የወፍጮን ሥራ አይቶ የተጻፈ ይመስላል።

ሰው ሕመሙን ዝም ብሎ አልተሸከመም። ቅቤ አቅልጦ ማሸት፣ ጠበል መጠመቅ፣ ወጌሻ መጥራት፣ ዋግምት መታገም ነበር፤ ዛሬም አለ። ከእነዚህ ሁለቱ ቀረብ ተብለው ሊታዩ ይገባቸዋል። ወጌሻው በአዊ ደጋ እንደ ልብ የሚገኘውን ቀርከሃ ሰንጥቆ የተሰበረ ክንድ ያስራል። በልኩ ሲታሰር ይጠግናል፤ ሲጠብቅ ግን ደም አቋርጦ እጅ እስከማስቆረጥ የደረሰባቸው አጋጣሚዎች በኢትዮጵያ ሐኪሞች ጽሑፎች ተመዝግበዋል። ዘመናዊው ሕክምና ለካርፓል ተነል በመጀመሪያ የሚያዘው ነገር ደግሞ ከወጌሻው ሥራ ብዙም አይርቅም፤ ሌሊት አንጓ ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ እንዲያድር የሚያደርግ ደጋፊ ነው። ልዩነቱ ደጋፊው አንጓውን የሚያቀናው ሳያጠብቅ መሆኑ ነው። ለስላሳ ጨርቅ የተጠቀለለበት፣ ላላ ብሎ የሚታሰር የቀርከሃ ስንጥር ይህን ሊያደርግ ይችላል፤ ይህን የሚሠራ እጅም እንጅባራ መንገድ ዳር ሞልቷል።

ዋግምቱ የበለጠ ያስገርማል። ዋጋሚው ቆዳውን በምላጭ ጫር ጫር አድርጎ፣ ጫፉ የተበሳ የከብት ቀንድ ደፍቶ፣ አየሩን በአፉ ስቦ ቀዳዳውን በሰም ይደፍነዋል። ብዙ ጊዜ የሚታገመው ግንባር፣ ጀርባና ትከሻ ነው። እጁ የደነዘዘበት ሰው ትከሻው ቢታገም ምን ይጠቅመዋል ብሎ የሚስቅ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2009 አንድሬያስ ሚካልሰን የተባለ ጀርመናዊ ሐኪምና ባልደረቦቹ ካርፓል ተነል ያለባቸውን 52 ታማሚዎች በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ ገሚሱን ትከሻቸው ላይ ደም በሚያወጣ ዋግምት፣ ገሚሱን በሙቀት አከሙ። ከሳምንት በኋላ ዋግምት የተደረገላቸው የተሻለ እፎይታ አግኝተው ነበር። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ታማሚው የትኛውን እንዳገኘ ስለሚያውቅ ተስፋው ራሱ ውጤቱን ሊያሳምረው ይችላል፤ ከሳምንት በላይም አልተከታተለም። ለባህሉ የምስክር ወረቀት አድርጌ አላቀርበውም፤ በአንድ ምላጭ ብዙ ሰው ሲታገም የሚመጣውን አደጋም አልረሳም። ግን አንድ ነገር ያሳያል፤ ከታመመው ቦታ ርቆ ቆዳን መንካት የእጅን ስሜት ሊለውጥ እንደሚችል አባቶቻችን ያስተዋሉት ያለ ምክንያት አልነበረም።

የክንድ ቆዳን የማደንዘዝ ሐሳብ የተወለደውም ከዚሁ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን ከደም ወደ አንጎል ተሻገረ። አንጎል ውስጥ ለእያንዳንዱ የሰውነት ክፍል የተመደበ የስሜት ይዞታ አለ፤ የእጅ ይዞታ ከክንድ ይዞታ ጋር ይዋሰናል። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ማይክል መርዘኒክና ባልደረቦቹ በጦጣዎች ላይ ባደረጉት ጥናት ይህ ድንበር ቋሚ አለመሆኑን አሳዩ፤ አንድ ነርቭ ዝም ሲል ጎረቤቱ፣ ማሳው ጦም ያደረ ጎረቤት እንዳገኘ ገበሬ፣ ወሰኑን አልፎ ማረስ ይጀምራል። በስዊድን ማልሞ የሚሠሩት የእጅ ሐኪሞች ዮራን ሉንድቦርግ፣ አንደሽ ብዮርክማንና ቢርጊታ ሩሴን ከዚህ ተነስተው ጠየቁ፤ ክንድን ለጥቂት ሰዓት ዝም ብናሰኘው እጅ የበለጠ ይሰማው ይሆን? ለዚህ የተጠቀሙበት ኤምላ የሚባለው ቅባት እያንዳንዳቸው 2.5 በመቶ የሆኑ ሊዶካይንና ፕሪሎካይን የተቀላቀሉበት ነው። ሊዶካይን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1943 በስዊድናዊው ኒልስ ሎፍግሬን የተሠራ፣ ዛሬ በእኛም ጤና ጣቢያዎች በመርፌ የሚሰጥ ማደንዘዣ ነው። ቅባቱ በክንድ ውስጠኛ ቆዳ ላይ ተለቅልቆ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ከአንድ ሰዓት በላይ ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት የጤነኞች ጣት ክንዳቸው ከደነዘዘ በኋላ ንኪኪን አጥርቶ የመለየት ችሎታው ጨመረ። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ አንጓቸው ላይ ነርቭ ተቆርጦ የተሰፋላቸው ሰዎች፣ ከስሜት ልምምድ ጋር ቅባቱ ሲደገምላቸው፣ ማደንዘዣውን ካላገኙት የተሻለ ስሜት መልሰው አገኙ።

ይህ የሚደነቅ ሥራ ነው። ለካርፓል ተነል መሞከሩም ምክንያት አለው፤ ቪታሊ ናፓዶውና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2006 የአንጎል ምስል አንስተው፣ በዚህ ሕመም የተያዙ ሰዎች አንጎል ውስጥ የጠቋሚና የመሃል ጣት ይዞታዎች እርስ በርስ ተቀራርበው እንደተደበላለቁ አሳይተዋል። ሕመሙ አንጓ ላይ ቢጀምርም አንጎል ድረስ ይዘልቃል። ታዲያ አንጎሉን ማስተካከል ለምን አይበቃም? እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚያስፈልገው። ነርቩ ተቆርጦ የተሰፋለት ሰው ጉዳቱ አንድ ጊዜ ደርሶ አልፏል፤ የቀረው አንጎሉ አዲሱን መልእክት ማንበብ መማሩ ነው። የካርፓል ተነል ታማሚ ግን ጉዳቱ ዛሬም እየደረሰበት ነው። ቅባቱ መተላለፊያውን አያሰፋም፣ ጅማቱን አያሟሽሽም፣ 32 የነበረውን ግፊት 31 አያደርግም። ምልክቱን ቢያለዝብ እንኳ፣ ምልክቱ ሰውየው እጁን እንዲያሳርፍ የሚያስገድድ ብቸኛ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል፤ ነርቩ ለረጅም ጊዜ ከታነቀ ደግሞ የአውራ ጣት ሥር ሥጋ ይሟሽሻል፣ ያኔ ቀዶ ሕክምናም ሙሉ በሙሉ አይመልሰውም።

በአዊ ለሴቶች አንጓ ከማንም ሐኪምና ከማንም ባህላዊ አዋቂ ይልቅ ውለታ የዋለው የሞተር ወፍጮ ነው ብዬ አምናለሁ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ባሉት አሥርተ ዓመታት የናፍጣ ወፍጮ ከከተሞች ተነስቶ ወደ ገበያ ቀበሌዎች ዘለቀ፤ ዳንግላ የአገው ምድር አውራጃ ዋና ከተማ ነበረችና ገበሬው በገበያ ቀን እህሉን ይዞ የሚመጣባት ቦታ ሆነች። በደርግ ዘመን የገበሬዎች የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ወፍጮ እያቆሙ ሥራውን የበለጠ ወደ ገጠር ገፉት። ማንም ይህን የጤና ዘመቻ ብሎ አልጠራውም፤ ግን በየቀኑ ለሰዓታት የሚቀለበስን አንጓ ከድንጋይ ላይ ያነሳ ነገር ነው። ወፍጮ ቤት መሄድም የራሱ ሸክምና ወረፋ አለው፤ ድልህ መደለዝ፣ ቡና መውቀጥ፣ ልብስ ማጠብም ዛሬም በእጅ ነው የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ የአንጓው ሸክም ቀነሰ እንጂ አላለቀም። በከፊልም ወደ ወንዶች ተሻገረ። ቀርከሃ የሚሰነጥቀው ሰው ቢላውን ጨብጦ አንጓውን እያጠማዘዘ ይውላል፤ ስንጥሩን ሲጎነጉን ደግሞ በአውራና በጠቋሚ ጣቱ ቆንጥጦ ይስባል። ፋግታ ለኮማ ወረዳ ውስጥ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ ከሰል የሚያከስለው ገበሬ መጥረቢያና መጋዝ ከእጁ አይለይም። የአንጓውን ታሪክ የሚከታተል ሰው ዛሬ ወደ እነዚህ ሥራዎች መሄድ አለበት።

ከሁሉም የሚከብደኝ ተቃውሞ የድሃው ነው። ከእንጅባራ ባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የቀዶ ሕክምናው ወረፋ፣ የመጓጓዣውና የማደሪያው ወጪ፣ ከቀዶ በኋላ ያለ ሥራ የሚቆዩበት ሳምንት ለቀን ሠራተኛ ከባድ ነው። ሥራህን ቀይር ማለትም ሌላ ሥራ ለሌለው ሰው ምክር አይደለም። ታዲያ ቅባቱ ቀላል ከሆነ ለምን አይሰጥም? እንዲሞከር እኔም እፈልጋለሁ፤ ግን ያለ ሁኔታ አይደለም። የመጀመሪያው ከላይ ያነሳሁት የሥጋ ደዌ ነው። በጎጃም ደጋ እጁ የደነዘዘበት ሰው ሁሉ ካርፓል ተነል አለበት ማለት አይቻልም፤ ክንዱ ላይ ስሜት ያጣ ንጣፍ ቢኖር ያ ምልክት መገኘት ያለበት ቆዳው በቅባት ከመደንዘዙ በፊት ነው። ትንሿ ጣት ጭምር ከደነዘዘች፣ የክርን ነርቭ ወፍሮ በእጅ ከተዳሰሰ፣ ጥያቄው ሌላ ነው። ስኳርም በዚያው ቀን መለካት ይኖርበታል። ሁለተኛው፣ ቅባቱ በትልቅ ስፋት ሲቀባ ፕሪሎካይኑ ደም ኦክስጅን የመሸከም አቅሙን ሊያሳጣው ይችላልና መጠኑ መጠበቅ አለበት። ደግሞ የደነዘዘ ክንድ ምጣድና ከሰል አጠገብ መዋል የለበትም፤ የተቃጠለው አይታወቅምና።

ሙከራው ፍትሐዊ እንዲሆን ግማሹ ታማሚ ማደንዘዣ የሌለበት፣ በመልክ ግን የማይለይ ቅባት ማግኘት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2017 ዩሚ ማኤዳና የናፓዶው ቡድን 80 የካርፓል ተነል ታማሚዎችን በኤሌክትሪክ መርፌ ሲያክሙ፣ የማስመሰያ መርፌ የተሰጣቸውም ሕመማቸው ቀንሶላቸው ነበር፤ ነርቩ መልእክት የሚያስተላልፍበት ፍጥነት የተሻሻለው ግን በእውነተኛው መርፌ ብቻ ነበር። ቅባቱም በዚሁ መንገድ ሊፈተን ይገባዋል፤ ተሻለኝ ማለት ብቻውን አይበቃም። ሁለቱም ወገን የሌሊት ደጋፊ ይሰጠው፤ ያለውን የታወቀ ሕክምና ነፍጎ አዲሱን መሞከር ተገቢ አይደለምና። ከዚያ መዝገቡ ላይ ከዕድሜና ከጾታ ቀጥሎ የሥራ ዓምድ ይግባበት፤ የቤት እመቤት ተብሎ በአንድ ቃል የሚዘጋ ሳይሆን፣ በቀን ስንት ሰዓት ምን እንደምትጨብጥ፣ አንጓዋ ወዴት እንደሚታጠፍ፣ ወፍጮ ቤቱ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ልጅ ሳለች በእጇ ትፈጭ እንደነበር የሚጠይቅ። እጃቸው በመጅ ያደገ እናቶች በባንጃና በአንከሻ ዛሬም አሉ፤ ዕድሜያቸው ግን ገፍቷል፤ ይህን ለመጠየቅ የቀረው ጊዜ ከአንድ ትውልድ ያነሰ ነው።